የጅብ ጥላና እንጉዳይ፦ የሚበላውን ከማይበላው መለየት

እንጉዳይ አበባ የለውም፤ ቅጠልም የለውም፤ ዘሩም በዓይን የማይለይ ብናኝ ነው። ዝናብ ባደረበት ሌሊት ከመሬት ብቅ ይላል፣ ፀሐይ ሲጠናበት ይጠወልጋል፣ በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ ጠቁሮና ተልቶ ወደ አፈር ይመለሳል። ሰው የሚያየው ግን የአካሉን ጥቂቱን ብቻ ነው። ዋናው አካል በአፈር ውስጥ፣ በበሰበሰ ግንድ ወይም በእበት ክምር ሥር እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ቀጭን ነጭ ክር ነው። ክሩ በጋውን ተደብቆ ይቆያል፤ ክረምት ሲገባና አፈሩ ሲርስ ፍሬውን ያወጣል። ዛፉ ከነቅርንጫፉ ተቀብሮ ፍሬው ብቻ ከመሬት ብቅ ያለ ኮክ ቢታሰብ የእንጉዳይ ነገር ይገባል።

ከዕፅዋት ወገንም አይደለም። ቅጠል ስለሌለው ምግቡን በፀሐይ ብርሃን አያዘጋጅም፤ የሞተውን እያፈራረሰ ወይም ከሕያው ዛፍ ሥር ጋር እየተሻረከ ይኖራል። ጠላ የሚያፈላው እርሾ፣ በሰነበተ እንጀራ ላይ የሚወጣው ሻጋታና በመስክ ላይ የሚቆመው ነጭ ጥላ ሥጋ ዘመዳሞች ናቸው።

## ነሐሴ፣ ግጦሽ ላይ

በደቡብ ጎንደር የእስቴ ከተማ የሆነችው መካነ ኢየሱስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በሰሜን ምሥራቅ የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ቆሞ ደመናውን ይይዛል፤ በደቡብ መሬቱ እየተቆረጠ ወደ ዓባይ ይወርዳል። በእስቴ፣ በስማዳና በጋይንት ደጋው፣ ወይናደጋውና ቆላው ተቀራርቦ ስለሚገኝ የሚበቅለውም እንጉዳይ እንደየከፍታው ይለያያል።

በነሐሴ ማለዳ፣ ጉም ሳይነሣ፣ ገሳ የደረቡ እረኞች ከብቱን ወደ ግጦሽ ያወጣሉ። ሌሊቱን ሲዘንብበት ያደረው መስክ በረገጡት ቁጥር ውኃ ያፈልቃል። ከብት በጋጠው አጭር ሣር መሃል ትናንት ያልነበሩ ነጭ ነገሮች ተበትነዋል፤ አንዳንዱ እንደ እንቁላል ድቡልቡል፣ አንዳንዱ እንደ ተዘረጋ ጥላ። አልፎ አልፎ በክብ ተሰልፈው ይገኛሉ፤ ክቡን የሠራው ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ በየዓመቱ ወደ ዳር የሚሰፋው የተቀበረ ክር ነው። ትልቁ እረኛ በበትሩ ጫፍ ገልብጦት ያልፋል። ትንሹ ግን አንዱን ነቅሎ በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ወደ ቤት ይዞት ይገባል።

«ምንድን ነው የቋጠርከው?» ትላለች አያቱ ከደጃፍ።

«እንቁላል መስሎኝ ነው እምዬ።»

«ወዲያ ጣለው! የጅብ ጥላ ነው። እጅህን በአመድ ታጠብ።»

በደጋው አገር በየክረምቱ የሚደገመው የእንጉዳይ ትምህርት ይኸው ነው፤ አጭርና የማያወላዳ። ስሙ ራሱ ትምህርቱን ይዟል። በአማርኛ «የጅብ» የሚል ቅጽል የተሰጠው ተክል አብዛኛውን ጊዜ የሰው የሆነ ነገር ይመስላል፤ የሰው ግን አይደለም። የጅብ ሽንኩርት ሽንኩርት ይመስላል፤ ወጥ ውስጥ አይገባም። የጅብ ጥላም ጥላ ይመስላል፤ ከሰው ቤት አይገባም። «እንጉዳይ» የሚለው ቃል ግን ለብዙው ገበሬ የመጽሐፍ፣ የሬዲዮና የከተማ ምግብ ቤት ቃል ነው።

ይህ እምቢታ ካለማወቅ የመጣ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። የዚህ አገር ሰው በክረምቱ የችግር ወራት፣ ያለፈው እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ፣ ከሜዳ የሚበላ ነገር መምረጥ ያውቃል። ሳማን ያለ ጓንት ለቅሞ፣ እሾሁን በእሳት ገድሎ፣ ወጥ ያደርገዋል። ጓያንም ያውቀዋል፤ ዝናብ ሲከዳ ሌላው ሲደርቅ ጓያ እንደሚቆም፣ ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው ግን እግሩ ሊያዝ እንደሚችል ያውቃል። ስለዚህም ይዘፈዝፈዋል፣ ይቆላዋል፣ ከሌላ እህል ጋር ይቀላቅለዋል። የጓያ ጉዳት የመጠንና የጊዜ ነገር ስለሆነ ልኩን በልምድ መማር ይቻላል። የአንዳንድ እንጉዳይ መርዝ ግን ለልምድ ጊዜ አይሰጥም፤ ተሳስቶ የበላ ሰው ልምዱን ለማስተማር ላይተርፍ ይችላል። እንዲህ ካለ ነገር ፊት ሁሉንም በአንድ ስም ጠርቶ መተው የብልህ ውሳኔ ነው፤ ስንት ልጅ እንዳተረፈም የሚቆጥረው የለም።

> «የጅብ ጥላ» የሚለው ስም ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በሁለት ቃል የተጻፈ የመርዝ መከላከያ መጽሐፍ።

ያም ሆኖ እምቢታው ዋጋ አለው። የፍልሰታ ጾም የሚውለው እንጉዳይ በሚፈላበት በነሐሴ ነው፤ እንጉዳይ ደግሞ የጾም ምግብ ነው። የሚበላው ከማይበላው ጋር አብሮ በበትር እየተገለበጠ በመስክ ላይ ይበሰብሳል።

## በስም የሚያውቁ ወገኖች

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ነገሩ ሌላ ነው። የማጃንግ ሕዝብ፣ የከፋ፣ የሸካና የቤንች ሰዎች እንጉዳይን ከጫካ ለቅመው መብላትን ከጥንት ያውቁበታል። ኖቡኮ ቱኖ የተባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪ የማጃንግን የእንጉዳይ አጠቃቀም አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2001 አሳትመዋል። ከእንዲህ ዓይነት ማኅበረሰቦች የሚገኘው ዋናው ትምህርት ይህ ነው፦ እንጉዳይ የሚበሉ ሰዎች «የሚበላ እንጉዳይ ምልክቱ ይኼ ነው» የሚል አጠቃላይ ሕግ የላቸውም። እያንዳንዱን በመልኩ፣ በቦታውና በወቅቱ ለይተው ያውቁታል። እናት ለልጇ የምታሳየው አንዱን ነው፤ ልጅቱ እሱን እስክትለይ ሌላው አይነካም። ላምን ከበሬ ለመለየት ሕግ እንደማያስፈልግ ሁሉ፣ የለመደው ሰው የሚያውቀውን እንጉዳይ ገና ከሩቅ ይለየዋል፤ የማያውቀውን ግን እንደ እስቴዋ አያት ይተወዋል።

በእነዚህ አገሮች ከፍ ያለ ስፍራ ያላቸው በኩይሳ ላይና በኩይሳ ዙሪያ የሚበቅሉት ናቸው። ታሪካቸው የሚያስደንቅ ነው። አንዳንድ የምስጥ ዘር እንጨትና ሣር እያኘከ ከመሬት በታች እንደ ማር እንጀራ ያለ ነገር ይሠራል፤ በላዩም አንድ ዓይነት ፈንገስ ያለማል። ፈንገሱ ምስጡ ሊፈጨው ያቃተውን እንጨት ያለሰልስለታል፤ ምስጡ ደግሞ ፈንገሱን ከጠላት ይጠብቀዋል፣ ሙቀቱንና እርጥበቱንም ያስተካክልለታል። ዝናብ ሲጥል ያ ፈንገስ ረጅም ሥር የመሰለ አገዳውን ወደ ላይ ልኮ በኩይሳው ላይ ጥላውን ይዘረጋል። ነቅሎ ያወጣው ሰው አገዳው ወደ ምስጡ ቤት ጠልቆ ሲወርድ ያያል፤ የጥላውም አናት እንደ ጡት ጫፍ ሾጠጥ ያለ ነው። ከእነዚህ አንዱ ዓይነት በሳይንሳዊ ስሙ የሺምፐርን መታሰቢያ ይዟል፤ ሺምፐር በ19ኛው መቶ ዘመን በአድዋ አካባቢ ለብዙ ዓመታት ተቀምጦ ዕፅዋት የሰበሰበው ጀርመናዊ ነው። በዛምቢያ የሚገኘው ዘመዳቸው ጥላው እስከ አንድ ሜትር ሊሰፋ ይችላል። ሰው ግን እስከ ዛሬ እነዚህን በጓሮው ማልማት አልሆነለትም፤ የምስጡን ያህል የሚያውቅ ገበሬ አልተገኘም።

ከመካነ ኢየሱስ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ኩይሳ አለ። ቆለኛው ስለ ኩይሳ እንጉዳይ የሚያውቀው ነገር ከደገኛው ሊለይ ይችላል፤ ስለዚህ የሚጠየቁት የዚያው ቦታ ሽማግሌዎች ናቸው።

## አንዱን በቅርብ ማየት

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ዳዊት አባተ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ በኢትዮጵያ ደጋማ ሣር ላይ ስለሚበቅለው የመስክ እንጉዳይ ጽፈዋል። ሳይንሳዊ ስሙ አጋሪከስ ካምፐስትሪስ ነው። በአውሮፓ መስክ ለዘመናት ሲለቀም የኖረው፣ በሱፐርማርኬት በጣሳና በሳጥን የሚሸጠው ነጭ እንጉዳይም የቅርብ ዘመድ ነው። አንድ ደገኛ ከዱር እንጉዳይ አንዱን ብቻ ሊማር ቢነሣ መማር ያለበት ይኸን ነው።

የሚያድገው ዛፍ በሌለበት፣ ከብት በሚግጠው ገላጣ ሣር ላይ ነው። ጥላው ነጭ ነው፤ ሲወጣ ድቡልቡል፣ ሲዘረጋ የመዳፍ ስፋት ያህላል። አገዳው አጭርና ጠንካራ ነው፤ ወገቡ ላይ ቶሎ የሚረግፍ ስስ ቀለበት አለው። ሽታው ደስ ይላል። ዋናው ምስክር ግን ከጥላው በታች ነው። ገልብጦ ሲያዩት እንደ ቀሚስ ሽንሽን የተደረደሩ ስስ ቅጠሎች አሉ። ይህ ሽንሽን በጨቅላነቱ ደማቅ ሮዝ ነው፤ ሲበስል ቡናማ፣ ሲያረጅ እንደ ተቆላ ቡና የጠቆረ ይሆናል። በየትኛውም ዕድሜው ነጭ ሆኖ አይቆይም፤ አረንጓዴም አይሆንም።

ከአገዳው ታች ደግሞ ምንም መኖር የለበትም። እንጉዳዩን በቢላ ቆርጦ ማንሣት ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ገዳዩን ከሚበላው የሚለየው ምልክት አፈር ውስጥ ሊቀር ይችላል። በጣት ወይም በእንጨት ዙሪያውን ምሶ ከነሥሩ ማውጣት፣ አፈሩን ማራገፍ፣ ከዚያ መመርመር ነው። አገዳው የተሰካበት እንደ ተቀደደ የእንቁላል ሽፋን ያለ ከረጢት ከተገኘ ሌላውን መመርመር አያስፈልግም፤ ወዲያው ይጣላል።

> ሽንሽኑ ነጭ፣ ወገቡ ላይ ቀለበት፣ እግሩ ሥር ከረጢት፦ ሦስቱ የተገናኙበት እንጉዳይ ሞት ሊሆን ይችላል።

ከረጢት ያለው ወገን አማኒታ ይባላል። በዓለም ላይ በእንጉዳይ ለሚደርሰው ሞት አብዛኛውን ድርሻ የሚይዘው በአውሮፓ «የሞት ቆብ» የሚባለው የዚህ ወገን አባል ነው። ጥላው ወደ አረንጓዴና ቢጫ ያዘነብላል፤ ዝናብ ሲያጥበው ገርጥቶ ነጭ ሊመስልም ይችላል። ጣዕሙ መጥፎ እንዳልሆነ ከመርዙ የተረፉ ሰዎች መስክረዋል። ገና ከመሬት ሳይከፈት እንቁላል ይመስላል፤ ሕፃን የሚያታልለውም ይህ መልኩ ነው። ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሲሰነጠቅ ግን ውስጡ የታጠፈ ትንሽ ጥላና አገዳ ተስሎ ይታያል።

ሌላው አሳሳች በሞቃት አገሮች ሣር ላይ የሚወጣ ትልቅ ነጭ እንጉዳይ ነው። አናቱ ላይ ቡናማ ቅርፊት ተበትኖበታል፣ አገዳው ረጅም ነው፣ አይቶ ላለመጎምጀት ይከብዳል። ሽንሽኑ መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ይቆይና ሲበስል ወደ አረንጓዴ ግራጫ ይለወጣል። የበላው ሰው ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በትውከትና በተቅማጥ ይያዛል። የመስክ እንጉዳይ የቅርብ ዘመድ የሆነ ሦስተኛም አለ፤ መልኩ ቁርጥ እሱን ነው። የአገዳው ግርጌ በጥፍር ሲጫር ግን ደማቅ ቢጫ ይሆናል፤ ሽታውም የቀለምና የሐኪም ቤት መድኃኒት ነው። አይገድልም፤ ሆድን ግን ክፉኛ ያውካል።

ዓይን ሲጠራጠር የሚያግዝ አንድ ቀላል ዘዴ አለ፤ የብናኝ አሻራ መውሰድ ይባላል። የበሰለ ጥላ ከአገዳው ተለይቶ ሽንሽኑ ወደ ታች ሆኖ ግማሹ በነጭ፣ ግማሹ በጥቁር ወረቀት ላይ ይቀመጣል፤ ንፋስ እንዳይነካው ብርጭቆ ይደፋበታል። ጠዋት ሲነሣ ወረቀቱ ላይ የሽንሽኑ መስመር በዱቄት ተስሎ ይገኛል። የመስክ እንጉዳይ አሻራ የተቆላ ቡና ዱቄት ይመስላል፤ የአማኒታ ነጭ ነው፤ የዚያ ትልቅ አሳሳች አረንጓዴ፤ የኩይሳ እንጉዳይ ደግሞ ሮዝ። አሻራው ብቻውን «ይበላል» አያሰኝም፤ «ይህ ያ አይደለም» ለማለት ግን ብርቱ ምስክር ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ በአንድ ሌሊት ሊሠራ የሚችል፣ ምንም ወጪ የሌለው ሙከራ ስለሆነ የሳይንስ መምህራን ቢጠቀሙበት የሚያስደስት ነው።

## ከባህር ዛፍ ጋር የመጡ እንግዶች

የእስቴ ሽማግሌ ከአባቱ የሰማው እውቀት የማይደርስበት ቦታ አለ፤ እሱም የባህር ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ምክንያቱ ከመሬት በታች ነው።

በደቡብ ጎንደር የቀደመው ደን በአብዛኛው የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ነው። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ብሳናውና ዋንዛው በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ተከቦ፣ በብዙ ቦታም በቅርብ ዓመታት በተሠራ የድንጋይ ካብ ተጠብቆ ይገኛል። በኢትዮጵያ ደረቅ ደጋማ ደን የአገር በቀል ዛፎችን ሥር የመረመሩ ተመራማሪዎች እንዳገኙት፣ ከእነዚህ ዛፎች ሥር ጋር የሚሻረኩት ፈንገሶች አብዛኞቹ ከመሬት በላይ ጥላ የማያወጡ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ የሚታየው እንጉዳይ በብዛት የወደቀ ቅጠልና ግንድ የሚያፈራርስ፣ በእንጨት ላይ እንደ መደርደሪያ የሚደረደር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በሰሜን ኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ በተደረገ ጥናት የወጣው የእንጉዳይ ዝርዝርም የእነዚህ ደኖች ሀብት ከዛፉና ከወፉ እንደሚያልፍ አሳይቷል።

ባህር ዛፍ የመጣው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ በምኒልክ ዘመን ነው፤ ዛሬ የመካነ ኢየሱስ ዙሪያ ኮረብታዎችን ሸፍኖታል። ባህር ዛፍና የፈረንጆቹ ፓይን ሌላ ዓይነት ሽርክና ይወዳሉ፤ ሥራቸውን ከሚለብሰውና ከመሬት በላይ እንጉዳይ ከሚያወጣው ፈንገስ ጋር። የሞት ቆብም የዚህ ዓይነት ሸሪክ ነው፤ ከአውሮፓ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ አውስትራሊያና ወደ አሜሪካ የተስፋፋው ከችግኝ ሥርና አፈር ጋር ተጉዞ ነው። ከመጤ ዛፍ ሥር የበቀለ እንጉዳይ ስለዚህ ለአገሩ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ የአያትም ስም፣ የአያትም ማስጠንቀቂያ የለውም።

አንዱ ምሳሌ ከባህር ዛፍ ሥር የሚገኘው የመሬት ኳስ ነው። አገዳ የሌለው፣ ሸካራ ቆዳ ያለው ድቡልቡል ነገር ነው። በሌላ አገር ሰዎች ከሚበሉት፣ እሱም አገዳ ከሌለው የመስክ ኳስ ጋር ይመሳሰላል። የሚበላው ሲሰነጠቅ ውስጡ ከዳር እስከ ዳር እንደ አይብ ነጭ ነው። የመሬት ኳሱ ውስጥ ግን ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ጥቁር ነው፤ የበላውን ያሳምመዋል። ሳይሰነጠቅ የሚበላ ኳስ የለም።

> ሽማግሌው የቤተ ክርስቲያኑን ደን ያውቃል፤ የባህር ዛፉን ሥር ግን ማንም አላስተማረውም።

በሰው ላይ ተመሳሳይ ነገር የሚደርሰው በስደት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ጀርመን የገቡ ስደተኞች የአገራቸውን የመሰላቸውን ለቅመው በሞት ቆብ ተመርዘው ስለነበር ማስጠንቀቂያ በተለያዩ ቋንቋዎች ታትሞ ተለጥፏል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ከአፍጋኒስታን ወደ ፖላንድ የተወሰደ አንድ ቤተሰብ በማቆያው አቅራቢያ ከሚገኝ ጫካ በለቀመው እንጉዳይ ሁለት ወንድማማች ሕፃናት ሞተዋል። በአገሩ እንጉዳይ በደንብ የሚለይ የከፋ ወይም የማጃንግ ተወላጅም በአውሮፓ ጫካ ውስጥ እውቀቱ አያድነውም፤ እንዲያውም በራስ መተማመኑ ሊያስተው ይችላል።

## የማይሠሩ መፈተኛዎች

ስለ እንጉዳይ ሲወራ በየቦታው የሚሰሙ መፈተኛዎች አሉ። ከብት አርቢው «ከብት የበላውን ሰው ይበላዋል» ይላል። ሌላው ትል የገባበትን ይመርጣል፤ ትል ከመርዝ ይሸሻል ብሎ ያምናልና። የከተማ ባለሙያዋ ነጭ ሽንኩርት ወይም የብር ማንኪያ ድስቱ ውስጥ ጨምራ ካልጠቆረ ይበላል ትላለች። ጥሩ ሽታና ጥሩ ጣዕም ያለው አይጎዳም የሚልም ብዙ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ደጋግሞ መቀቀልና ውኃውን መድፋት መርዙን ያወጣዋል ብሎ ያስባል።

አንዳቸውም አይሠሩም። ቀንድ አውጣና ትል የሞት ቆብን ሳይጎዱ ይበሉታል፤ የእነሱ አካል መርዙ በሰው ላይ የሚሠራውን ያህል አይሠራበትም። ብር የሚያጠቁረው ድኝ ያለበት ነገር ነው፤ እንቁላልም ያጠቁረዋል። የሞት ቆብ መርዝ በመቀቀል፣ በመጥበስም ሆነ በማድረቅ አይጠፋም። ጓያን በመዘፍዘፍና በመቁላት ጉዳቱን መቀነስ የለመደ ሰው ይህን ለማመን ቢቸገር አይፈረድበትም፤ ልዩነቱ ግን የሕይወት ልዩነት ነው።

የሚበላውም ቢሆን ሁልጊዜ አይበላም። ያረጀና የለሰለሰ እንጉዳይ እንደ ተበላሸ ሥጋ ነው። እንጉዳይ በዙሪያው ያለውን ይመጥጣል፤ ቱፎርዲ ወይም ሌላ ፀረ አረም ከተረጨበት ማሳ ዳር የተለቀመ ዓይነቱ ትክክል ቢሆንም ምግብ አይሆንም። ጥሬውን መብላትም ልክ አይደለም። በእበትና በማዳበሪያ አካባቢ ከሚወጡት መካከል ሲያረጁ ወደ ጥቁር ቀለም የሚቀልጡ አሉ፤ ከእነሱ አንዱ ብቻውን ሲበላ ጉዳት የለውም፣ ከጠላ ወይም ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ግን ፊትን ያቀላል፣ ልብን ያስመታል፣ ያስመልሳል። በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ሰውነት አልኮልን እንዳያስወግድ ስለሚያግደው፣ እንጉዳዩን ከበላ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ የጠጣ ሰውም ሊያመው ይችላል።

## በገለባ ላይ

የመካነ ኢየሱስ ልጅ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ሄዶ የጾም ፒዛ ላይ፣ ሻይ ቤት ውስጥም በ«እንጉዳይ ጥብስ» ስም እንጉዳይ በልቶ ይመለሳል። ስልኩ ላይ የምግብ አሠራር ያያል። ክረምት ላይ ቤተሰቡን ሊጠይቅ ሲመጣ ያ የበላው ነገር በመስኩ ላይ በነጻ ተበትኖ ያገኘዋል። አሁን አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አያቱ ሁሉንም ትተዋለች፣ የማጃንግ እናት እያንዳንዱን ታውቃለች፣ እሱ ግን የመብላት ፍላጎቱን እንጂ የመለየት እውቀቱን አላገኘም።

ከተማ የሚሸጠው እንጉዳይ ከዱር የተለቀመ አይደለም። ዳዊት አባተ ስለ እንጉዳይ አመራረት ተግባራዊ መጽሐፍ በብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ለገበሬ ቤት የሚቀለው በእንጨት ላይ የሚበቅለው፣ ጥላው እንደ ጆሮ የተዘረጋው ዓይነት ነው። የጤፍ፣ የስንዴ ወይም የገብስ ገለባ ተቆራርጦ በፈላ ውኃ ይቀቀላል፤ ሲቀዘቅዝና ሲጠፈጠፍ ከተዘጋጀ የእንጉዳይ ዘር ጋር እየተነባበረ በላስቲክ ከረጢት ይጠቀጠቃል። ከረጢቱ በጨለማና ንጹሕ ክፍል ለሳምንታት ሲቀመጥ ነጩ ክር ገለባውን ያለብሰዋል። ከዚያ ላስቲኩ ይበሳል፣ ብርሃንና እርጥበት ይሰጠዋል፤ ከቀዳዳው እንጉዳዩ በዘለላ ይወጣል። የተረፈው ገለባ ለማዳበሪያ ይሆናል። ገለባ ለከብት መኖና ለቤት ጭቃ በሚፈለግበት አገር የትኛውን ያህል ለእንጉዳይ መስጠት እንደሚያዋጣ ባለቤቱ ይመዝናል፤ ዘሩ ግን የታወቀ ስለሆነ የመርዝ ጥያቄ አይነሣም።

## መርዙ በሰውነት ውስጥ

የእንጉዳይ መርዝ አንድ አይደለም፤ የሚለየውም በዋናነት በሰዓቱ ነው። በሣር ሜዳና በዛፍ ሥር የሚገኙ አንዳንድ ትንንሽ እንጉዳዮች በሩብ ሰዓትና በሁለት ሰዓት መካከል ላብ ያስወጣሉ፣ ምራቅ ያዝረበርባሉ፣ እንባ ያስፈስሳሉ፣ የልብ ምት ይቀንሳሉ። ለዚህ በሐኪም ቤት አትሮፒን የተባለ ፍቱን መድኃኒት አለ። ሆድን ብቻ የሚያውኩትም ብዙውን ጊዜ በሦስት ሰዓት ውስጥ ይጀምራሉ።

የሞት ቆብ መርዝ ግን ይዘገያል። የበላው ሰው ከስድስት እስከ ሃያ አራት ሰዓት ምንም አይሰማውም። እራቱን በልቶ በደህና ተኝቶ ሌሊት ወይም በማግስቱ በብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ይነሣል። ይህ አንድ ቀን ያህል ይቆይና ጋብ ይላል። ቤተሰቡ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለፈለት» ብሎ ያመሰግናል። በዚያ የእፎይታ ጊዜ ውስጥ ግን መርዙ በጉበት ሕዋሳት ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራበትን ሥርዓት እያቆመው ነው። በሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ደም አልቆም ይላል፣ አእምሮ ይስታል። ለአንድ ጎልማሳ ሞት አንድ መካከለኛ እንጉዳይ ሊበቃ ይችላል።

> ሕመሙ ጋብ ያለበት ቀን የዳነበት ቀን ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ የዱር እንጉዳይ በልቶ የታመመ ሰው እስኪሻለው አይጠበቅም። ወተት፣ ዘይትና ጨው ውኃ እያጠጡ ለማስመለስ መታገል ሰዓት ያባክናል፤ ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ በትንታ ሊሞት ይችላል። አብሮ የበላ ሁሉ ባይታመምም አብሮ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ሕመሙ ከስድስት ሰዓት በኋላ የጀመረ ከሆነ አስቸኳይነቱ ይብሳል፤ ቀድሞ መጀመሩም ዋስትና አይሆንም፣ በአንድ ድስት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሊኖር ይችላልና። ሐኪሙ የጠፋውን ፈሳሽ ይተካል፣ በጊዜ ከተደረሰ መርዙን የሚመጥጥ ከሰል ይሰጣል፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ እየደጋገመ ይከታተላል፤ አቅሙ ወዳለው ሆስፒታልም ይልካል። ባደጉ አገሮች ጉበትን ከመርዙ የሚከላከል በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ ጉበቱ ጨርሶ ለተበላሸ ሰው የመጨረሻው ሕክምና ጉበት መተካት ነው።

ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ መቼ ተበላ፣ ሕመሙ መቼ ጀመረ፣ እንጉዳዩ ምን ይመስላል። ከቤት ሲወጡ ከድስቱ የተረፈው፣ ከልጣጩና ከቆሻሻው የተገኘው፣ ከተቻለም ከተነቀለበት ቦታ ሌላ ያልተነካ እንጉዳይ ከነአገዳውና ከነግርጌው አብሮ ይወሰዳል። የሚጠቀለለው በወረቀት ወይም በጨርቅ ነው፤ በላስቲክ የታሰረ እንጉዳይ ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ይበሰብሳል።